በናይል ዳር የተቀበሩ ድግምቶች



ምስር ሲባል በመድረሳ ምንጣፍ ላይ ላደገ ሰው ቀድሞ ወደ ልቡ የሚመጣው የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። ፊርዐውን ከየአገሩ የሰበሰባቸው ድግምተኞች፣ በአደባባይ የተወረወሩት ገመዶችና በትሮች፣ በመጨረሻም ያን ሁሉ የዋጠችው የሙሳ በትር ይታወሱታል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ምስር ማለት ፒራሚድ፣ የናይል ጎርፍ፣ ታላቁ እስክንድርና በስሙ የተሠራችው ከተማ ነው። ብዙዎቻችን አንዱን በጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ ተምረን ሁለቱን በየራሳቸው ደብተር እንዳሰፈርን አድገናል። እነዚህ ሁለት ደብተሮች የሚገናኙባት አንዲት ከተማ አለች፤ ሉቅሶር ትባላለች።

በዚህ ጽሑፍ አንባቢን ወደዚያች ከተማ ይዘን እንጓዛለን። የጥንት ግብጻውያንና ግሪኮች ሲሕርን እንዴት ይገለገሉበት እንደነበር ድንጋዩና ወረቀቱ የሚናገረውን እናያለን። የድግምት አሠራር ልናስተምር አልተነሳንም፤ ከዚያ አላህ ይጠብቀን። ጥያቄያችን አጭር ነው። እነዚያ ሰዎች ወደ ድግምተኛው ደጅ ምን ፈልገው ሄዱ? ምንስ ይዘው ተመለሱ?

በቤተ መቅደስ ላይ የቆመ መስጊድ

ከካይሮ በሌሊቱ ባቡር ተሳፍረን ወደ ደቡብ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አደርን። ጎህ ሲቀድ በመስኮቱ የታየን የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ የተምር ዛፍ፣ ከዚያም ወዲያ ሣር የማይበቅልበት ራቁት ተራራ ነው። የጥንት ግብጻውያን ይህችን ከተማ ዋሴት ይሏት ነበር። ግሪኮች ቴብስ አሏት። ዐረቦች ደግሞ የፍርስራሾቿን ግዝፈት አይተው «አል-ኡቅሱር» ማለትም «ግንቦቹ» ብለው ሰየሟት።

በከተማዋ መሐል፣ ከናይል ዳር፣ ንጉሥ አመንሆቴፕ ሦስተኛና ራምሴስ ሁለተኛ ያሠሩት ቤተ መቅደስ ቆሟል። በዚያው ቤተ መቅደስ ውስጥ በ13ኛው መቶ ዓመት በኖሩት በሸይኽ ዩሱፍ አቡል ሐጃጅ ስም የሚጠራ መስጊድ አለ። መስጊዱ ሲሠራ ቤተ መቅደሱ በአፈር ተቀብሮ ስለነበር የመስጊዱ ወለል ያረፈው በዚያን ጊዜው ምድር ላይ ነው። ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አፈሩ እየተጠረገ ሲወጣ የመስጊዱ የቀድሞ በር ከሰው ቁመት እጅግ ከፍ ብሎ በግድግዳው መሐል ተንጠልጥሎ ቀረ። ዛሬ ሰጋጆች የሚገቡት በሌላ በኩል ነው። ከታች የፊርዐውኖች ሐውልት፣ ከላይ የአዛን ድምፅ! የዘመናትን መደራረብ በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አናውቅም።

ሔካ

የጥንት ግብጻውያን ለድግምት «ሔካ» የሚል ቃል ነበራቸው። ሔካ ኃይልም ነበር፣ የሚመለክ ጣዖትም ነበር። በእኛ አነጋገር ጠንቋይ ስንል በጨለማ ቤት የተደበቀ ሰው ይታየናል። በዚያ አገር ግን ድግምት የሚያነበው የተማረና ደመወዝ የሚበላ የቤተ መቅደስ ካህን ነበር። ለንጉሡም ይሠራ ነበር። የጠላት ነገሥታት ስም ከኩሽ እስከ ሻም ድረስ በሸክላ ላይ ይጻፍና ሸክላው ተሰብሮ ይቀበራል። ሸክላው እንደተሰበረ ጠላትም ይሰበራል ብለው ያምኑ ነበር። የተሰባበሩት ሸክላዎች ዛሬ በየሙዚየሙ ይገኛሉ።

ለበሽተኛም ድርሻ ነበረው። አትሪቢስ ከተባለች የሰሜን ከተማ ተገኝቶ ወደ ካይሮው የግብጽ ሙዚየም የገባ፣ 2,300 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ «ጄድሆር» የተባለ ሰው ሐውልት አለ። ጥቁሩ ድንጋይ ከራስ እስከ እግር በጽሑፍ ተሸፍኗል። ከሥሩ ገንዳ ተቆፍሮለታል። ጊንጥ ወይም እባብ የነደፈው ሰው ሲመጣ በሐውልቱ ላይ ውሃ ይፈስሳል። ውሃው ጽሑፉን አጥቦ በገንዳው ሲጠራቀም በሽተኛው ይጠጣዋል። እንግዲህ አስቡት፤ የእባብ መርዝ በደሙ የሚዘዋወር ልጅ ታቅፋ የመጣች እናት ከዚያ ገንዳ ዘንድ ቆማ ስትጠብቅ!

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ በሉቅሶር ሰሜን ወዳለው ካርናክ ቤተ መቅደስ ይሂድ። ከኩሬው አጠገብ የጥንዚዛ ቅርጽ ያለው ትልቅ የድንጋይ ሐውልት አለ። ሰባት ጊዜ የዞረው ሰው ምኞቱ ይሞላለታል፣ ልጅ ያጣ ልጅ ያገኛል እየተባለ ለጎብኚ ይነገራል። እኛም በደረስንበት ሰዓት ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎች፣ ካሜራ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ የተማሩ የሚመስሉ ሰዎች፣ ከፊሉ እየሳቁ ከፊሉ ከልባቸው ድንጋዩን ሲዞሩ አየን። ዘመን ቢሠለጥን ልብ ወዲያው አብሮት አይሠለጥንም።

ሰሙና ካራው

በጀልባ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተሻግረን መዲነት ሃቡ ወደሚባለው ሥፍራ ሄድን። ይህ ራምሴስ ሦስተኛ ያሠራው ቤተ መቅደስ ነው። ይህ ንጉሥ እስከ 1155 ከልደት በፊት ገደማ የገዛ ሲሆን አሟሟቱ ስለ ሲሕር ለሚጠይቅ ሰው ትልቅ ትምህርት አለው።

ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ፣ ቲዬ የተባለችው፣ ልጇን ፔንታዌርን ለማንገሥ ከእልፍኝ ሴቶችና ከሹማምንት ጋር አሢራ ነበር። ሴራው ተደርሶበት ሰዎቹ ለፍርድ ቀረቡ። የችሎቱ መዝገብ በፓፒረስ ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ ቆይቷል። በመዝገቡ እንደምናነበው ከሴረኞቹ አንዳንዶቹ የድግምት ጽሑፍ አግኝተው ከሰም ምስል ሠርተዋል። ሰሙን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገብተው ዘበኞቹን ሊያፈዙ አስበው ነበር። ብዙዎቹ በሞት ተቀጡ።

ንጉሡስ በምን ሞተ? ከ3,000 ዓመት በላይ ማንም በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም ነበር። እ.ኤ.አ በ2012 ሳይንቲስቶች የንጉሡን ሬሳ በራጅ መሣሪያ ሲመረምሩ በጨርቁ ተሸፍኖ የኖረው አንገቱ እስከ አጥንቱ ድረስ በስለት የተቆረጠ ሆኖ አገኙት። ንጉሡን ወደ ሞት ያደረሰው የሰም አሻንጉሊት ሳይሆን በሰው እጅ የተያዘ ካራ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ሬሳውን ያደረቁት ሰዎች በቁስሉ ውስጥ የዓይን ቅርጽ ያለው ክታብ ከትተውበታል። ክታቡ አንገቱን ከመቆረጥ አላዳነውም፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ጠጋኝ ይሆናል ተብሎ ተቀመጠ።

ግሪኮችና የእርሳስ ቅጠል

እስክንድር በ332 ከልደት በፊት ምስር ሲገባና ከዚያ በኋላ ግሪኮች ለሦስት መቶ ዓመት ያህል አገሩን ሲገዙ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የፍልስፍና ሰዎች የነበሩትን ያህል የድግምት ሰዎችም ነበሩ። እነርሱ የሚመርጡት የእርሳስ ማዕድን ነበር። ማዕድኑን እንደ ቅጠል ቀጥቅጠው የባላንጣቸውን ስም ይጽፉበታል፤ ይጠቀልሉትና በምስማር ወግተው በመቃብር ወይም በጉድጓድ ይጥሉታል።

በአቴና ከተማ ኬራሜይኮስ በተባለው የመቃብር ሥፍራ እ.ኤ.አ በ1952 አንድ ትንሽ የእርሳስ ሳጥን ተገኝቷል። ውስጡ እጆቹ ወደ ኋላ የታሰሩ ትንሽ የእርሳስ ሰው ተኝቷል። በእግሩ ላይ ምኔሲማኮስ የሚል ስም አለ። በክዳኑ ላይ የዘጠኝ ሰዎች ስም ተዘርዝሮ መጨረሻው ላይ ከእነርሱ ጋር የሚቆም ጠበቃና ምስክር ሁሉ ተጨምሮበታል። ዕድሜው ወደ 2,400 ዓመት ይጠጋል። ነገሩ የፍርድ ቤት ክርክር ነው! ባለጉዳዩ ማስረጃውን ከማጠናከር ይልቅ የባላንጣውን ምላስ ለማሰር ወደ መቃብር ሄደ።

በዚያው ዘመን በአቴና የኖረው ፈላስፋው ፕላቶን ይህን ሥራ አይቶ ጽፎበታል። እርሱ እንደሚለው ለማኝ ካህናትና ጠንቋዮች በሀብታሞች ደጅ እየዞሩ በጥቂት ክፍያ ጠላትህን እንጎዳልሃለን ይሉ ነበር። ጠላትየው ጻድቅ ይሁን ኃጢአተኛ ለእነርሱ ግድ አልነበራቸውም። አስተዋይ አንባቢ ሆይ! ይህ የደጅ ለደጅ ንግድ እስከ ዛሬ ቆሟልን?

የቴብስ መዛግብት

አሁን ወደ ሉቅሶር እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስክንድርያ አናስታሲ የሚባል ነጋዴ ነበር። የስዊድንና የኖርዌይ ቆንሲልም ሆኖ ሠርቷል። በወኪሎቹ አማካይነት ከዚህ አካባቢ ብዙ ጥንታዊ ጽሑፎች ገዝቶ ለአውሮፓ ሸጠ። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ የግሪክ የድግምት ፓፒረሶች የሚባሉት ይገኙበታል። ፓፒረስ ማለት በጣና ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠራበት የእኛው ደንገል መሆኑን ልብ ይሏል። አብዛኞቹ በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። አንዱ ጥራዝ በፓሪስ ሲሆን 36 ቅጠልና 3,274 መስመር አለው። ሌላው በጥንታዊው የግብጽ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ጥቅል ለሁለት ተከፍሎ ገሚሱ በሆላንድ ሌይደን ከተማ፣ ገሚሱ በለንደን ይገኛል።

ታዲያ በውስጣቸው ምን አለ? የትኩሳት ክታብ፣ የራስ ምታት ክታብ፣ ሌባ ማውጫ፣ ችሎት መርቻ፣ የገበያ ማድሪያ፣ መስተፋቅር፣ ባልና ሚስት መለያያ። ትኩሳት ለያዘው ሰው አንድ ረጅም ቃል ይጻፍና በየመስመሩ አንድ ፊደል እየተቀነሰ ይሄዳል። ፊደሉ ሲያልቅ ትኩሳቱም ያልቃል ነው። በሌላ ቦታ ያልደረሰ ልጅ በመብራት ፊት ተቀምጦ በነበልባሉ ውስጥ የሚያየውን እንዲናገር ይደረጋል። የሰው ስም በሚገባበት ቦታ ሁሉ ከእናቱ ስም ጋር ይጻፋል። ስምህንና የእናትህን ስም ንገረኝ የሚለው ጥያቄ ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

የድግምቱ ቃላትስ? በአንድ መስመር የግብጽ ጣዖታት፣ የግሪክ ጣዖታት፣ የዕብራይስጥ ስሞችና ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ይደረደራሉ። ጸሐፊው የትኛውንም አያመልክም፣ ሁሉንም ይቀጥራል ብንል ከእውነት አንርቅም። ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። ከሌይደን መዛግብት አንዱ የሙሳ ስምንተኛ መጽሐፍ ነኝ ይላል። በፓሪሱ ጥራዝ ውስጥ ደግሞ በሱለይማን ስም የተሰየመ፣ ሰውን ራሱን አስቶ የሚጥል ድግምት ሰፍሯል። በሲሕረኞች ላይ የተላከው ነቢይ የሲሕር ደራሲ ተደረገ! ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከዚህ የጠሩ መሆናቸውን ቁርአን በሱረቱል በቀራ ገልጿል። በዚያው አንቀጽ ሰዎች የሚማሩት ሲሕር ባልና ሚስትን መለያያ መሆኑን፣ ያለ አላህ ፈቃድም ማንንም መጉዳት እንደማይችሉ ይነግረናል። መድረሳ ውስጥ የቀራነው አንቀጽ የሚናገረውን ዓይነት ሥራ በደንገል ላይ ተጽፎ አገኘነው።

ሁለት ነገር እንጨምር። ከመዛግብቱ በአንዱ የምስጢር ቃላት መፍቻ አለ። የእባብ ደም የተባለው ሄማታይት የሚሉት የብረት ድንጋይ ነው፤ የሐኪም አጥንት የተባለው ተራ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጸሐፊው እንደሚለው ይህ የተደረገው ሕዝቡ እንዳይመራመር ነው። ሁለተኛው፣ ከእነዚሁ መዛግብት ጋር ተያይዘው ከተገኙት መካከል ወርቅ የሚመስል ወርቅ ያልሆነ፣ ብር የሚመስል ብር ያልሆነ ብረት እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምሩ ጽሑፎች አሉ። ሐሰተኛው ወርቅና ሐሰተኛው ተስፋ አብረው ተቀምጠው ተገኙ።

ፕቶሌማይስ

በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ከዚሁ ምድር የሄደች አንዲት ትንሽ የሸክላ ሴት አለች። ተንበርክካለች፣ እጆቿ ወደ ኋላ ታስረዋል፣ በዓይኗ፣ በጆሮዋ፣ በአፏና በሌላውም አካሏ 13 መርፌ ተሰክቶባታል። በማሰሮ ውስጥ ከአንድ የእርሳስ ቅጠል ጋር ተገኘች። በቅጠሉ ላይ እንደተጻፈው ሳራፓሞን የተባለ ሰው፣ የአያስ ልጅ ፕቶሌማይስ እርሱን ብቻ እንድትወድ በሙታን መንፈስ ያስገድዳል። እርሱ ዘንድ እስክትመጣ ድረስ አትብላ፣ አትጠጣ፣ እንቅልፍም አይያዛት ይላል። የመርፌው ቁጥር ሳይቀር በፓሪሱ ጥራዝ ከተጻፈው አሠራር ጋር ይገጥማል።

ስለ መስተፋቅር ሲወራ እንደ ቀልድ የሚስቁ ወጣቶች ይህችን ሸክላ ቢያዩ መልካም ነበር። ሳራፓሞን ፕቶሌማይስን አልጠየቃትም። ሽማግሌ ወደ ቤተሰቧ አልላከም። እሺም እምቢም የማለት መብቷን በመርፌ ሊወጋ ፈለገ። ፍቅር ብሎ የጠራው ነገር የአንዲት ሴት ረሃብ፣ ጥማትና እንቅልፍ ማጣት ነበር። በኢስላም ኒካሕ የሴቲቱን ፈቃድ የሚጠይቅበት አንዱ ጥበብ ከዚህ ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል።

ክፍያው ስንት ነው?

በምስር ምድር የዓይን ማታለል ዕውቀትም ነበር። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የተባለ የመሣሪያ ሊቅ፣ በመሠዊያው ላይ እሳት ሲነድ የተሞቀው አየር ውሃ እየገፋ የቤተ መቅደስ በር የሚከፍትበትን ዘዴ ጽፏል። ሳንቲም ሲጣልበት የመንጺያ ውሃ የሚቀዳ ሳጥንም ነበረው። ዘዴውን የሚያውቅ ያደንቃል፤ የማያውቅ ጣዖቱ በሩን ከፈተ ብሎ ይሰግዳል። ቁርአንም ስለ ፊርዐውን ድግምተኞች ሲተርክ የሰዎችን ዓይን እንደ ደገሙ፣ ገመዱም የሚሮጥ መስሎ እንደታየ ይነግረናል።

ሲሕር ጭራሹን የለም ማለታችን እንዳይመስል። ጉዳቱን የሚያውቅ ጌታ ከእርሱ እንድንጠበቅ አዞናል። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ድግምተኞቹ ፊርዐውን ፊት እንደቀረቡ መጀመሪያ የጠየቁት ብናሸንፍ ክፍያ አለን ወይ ብለው ነው። እውነቱን ሲያዩ ግን ለሱጁድ ወደቁ። እጅና እግራቸው እንደሚቆረጥ፣ እንደሚሰቀሉም እየተነገራቸው ክፍያውን ትተው ጸኑ። ሙያውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ከሙያው ቀድመው ወጡ።

ከሉቅሶር ወደ ቤታችን

የጠየቅነውን ጥያቄ እንመልስ። ሰዎቹ ምን ፈልገው ሄዱ? የታመመ ልጅ፣ የተሰረቀ ዕቃ፣ የተጓተተ ክርክር፣ እምቢ ያለች ሴት፣ የቀዘቀዘ ገበያ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በየሰፈራችን የሌለ አለን? በአገራችን በክርስቲያን ወገኖቻችን ዘንድ መርበብተ ሰሎሞን የሚባል ጥቅልል አለ፤ በሙስሊሞችም ዘንድ የሱለይማን ማኅተም የተሳለበት ወረቀት በቆዳ ተሰፍቶ ይታሠራል። የቴብሱ ጸሐፊ ከ1,600 ዓመት በፊት የተበደረውን የነቢይ ስም የእኛም ዘመን ሰው እየተበደረው ነው።

ምን ይዘው ተመለሱ? ትልቁ ኪሳራ የገንዘብ አልነበረም። እያንዳንዱ የእርሳስ ቅጠል የአንድ ሰው ስም ይፈልጋል። ልጅሽን ያሳመመው ማነው ሲባል የጎረቤት ስም፣ የምራት ስም፣ የእንጀራ እናት ስም ይወጣል። ሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ መድኃኒት ሳያገኝ ወራት ያልፋሉ፤ ቡና አብረው ይጠጡ የነበሩ ሁለት ቤቶችም ደጃቸውን ይዘጋጋሉ። ጠንቋዩ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል፤ ጥርጣሬው ግን ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጅ ሲያተኩስ ሩቅያው ከቁርአንና ከዱዓ ጋር በቤታችሁ አለ፤ ሐኪሙም ከአላህ ከተሰጡን ሰበቦች አንዱ ነውና አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ወጣቶች ሆይ! የምትወዷትን ልጅ በሽማግሌ ጠይቁ፤ እምቢ ካለች እምቢታዋን አክብሩ። ባለጉዳይም ማስረጃውን ይያዝ፣ ነጋዴም ሚዛኑን ያስተካክል። የነቢያት ስም የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ከነቢያት የመጣ እንዳልሆነም ልጆቻችንን እናስተምር።

በሉቅሶር የመጨረሻ ቀናችን ዐስር ሰላትን የሰገድነው በአቡል ሐጃጅ መስጊድ ነው። ከሥሩ ያሉት ዓምዶች በድግምት የተጠበቁ ይመስላቸው የነበሩ ነገሥታት ያቆሟቸው ናቸው። ነገሥታቱ አልፈዋል፤ ድግምቱም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከዓምዶቹ በላይ ያለው ጥሪ ግን ክፍያ አይጠይቅም፣ የማንንም የእናት ስም አይጠይቅም፣ በየቀኑም አምስት ጊዜ ይሰማል።

አላህ ልጆቻችንን ከሲሕርና ከሲሕረኛ፣ ልባችንንም ከከንቱ ፍርሃት ይጠብቅልን። አሚን።